ታቦቶቹን ለማን ነው የምታስቀምጡት?

ለብሪታኒያ የባህል፣ የመገናኛ ብዙኃንና የስፖርት ሚኒስቴር
ለንደን

ክቡር ሚኒስትር፣

ለንደን፣ ኩዊንስ ጌት ጎዳና ላይ ፈረስ የጋለበ የነሐስ ጄኔራል አላችሁ። ሮበርት ናፒየር ይባላል። እኛም በደንብ እናውቀዋለን።

እ.ኤ.አ. በ1810 ኮሎምቦ ተወለደ። ህንድ ውስጥ መንገድና ቦይ የሚሠራ የጦር መሐንዲስ ነበር። ከዚያ እዚያው ህንድ በሲክ ጦርነቶችና በላክናው ከተማ፣ ኋላም በቻይና ተዋጋ። ወደ እኛ ሲመጣም መሐንዲስነቱ አልለቀቀውም። ቀይ ባሕር ዳር፣ ዙላ ላይ ወደብ ሠራ፣ የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፣ ከህንድ 44 ዝሆን አስመጣ። 13,000 ያህል ወታደር ይዞ ያን ሁሉ ተራራ ወጣ። እውነቱን ለመናገር ሰውየው ሥራውን ያውቅ ነበር።

በስቅለት ዕለት መቅደላ ሥር ባለው አሮጌ በሚባል ሜዳ ላይ 700 ያህል ሰዎቻችን ወደቁ። በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ መቅደላ ተያዘች። አፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው፣ ንግሥት ቪክቶሪያ በላኩላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ሰዉ። ጦሩ የመጣው አፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት ነበር አይደል? እነሱ ግን ቀድመው ተለቀው ነበር።

ታዲያ ዘረፋው ምን አመጣው? ንብረቱ በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለጨረታ ቀረበ። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ አብሮ ዘምቶ ነበርና ለሙዚየሙ ገዛ። ናፒየርም አገሩ ሲገባ “የመቅደላው ሎርድ” ተባለ።

እርግጥ ከዚያ ሀብት ብዙውን አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያመጡት ነው። እሱ የቤታችን ጉዳይ ነው።

የምጽፍልዎ ስለ ሐውልቱ አይደለም። እዚያው ይቁም። ጉዳዬ ሙዚየሙ ያስቀመጣቸው 11 ታቦቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከመቅደላ የተወሰዱ ናቸው። ሙዚየሙ ራሱ ቅድስናቸውን አክብሮ ዘግቶባቸዋል። ጎብኚ አያያቸውም፣ ተመራማሪ አያያቸውም፣ ሠራተኞቹም አያዩአቸውም። ታቦት እኮ መንበር ላይ ነው የሚያድረው። ቅዳሴ ይቀደስበታል፣ በጥምቀት ወጥቶ በእልልታ ይታጀባል።

መልሱልን ስንል “ሕጉ አይፈቅድም” ትሉናላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የሙዚየሙ ሕግ ነው። ያወጣው ፓርላማችሁ ነው፤ የሚያሻሽለውም እሱው ነው። ረቂቁን ያቅርቡልን።

ለመመለሻው ዝሆን አያስፈልግም። ካህናቶቻችን መጥተው ይሸከሟቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የወሎ ልጅ