ሴቶች ስለሚዋደዱባቸው ልቦለዶች

ለተከበሩ የመጽሔቱ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትም የወጣው ጽሑፍ በሁለት ሴቶች መካከል ያለን ፍቅር የሚተርኩ ልቦለዶች የሚነበቡት ክልክል ነገር ስለሚያጓጓ ብቻ ነው ማለቱ የዘውጉን ታሪክ ያላገናዘበ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ እንዲህ ያሉ ርካሽ ልቦለዶችን ያሳትሙ የነበሩ ድርጅቶች፣ መጻሕፍቱ በፖስታ ሲላኩ በብልግና ሕግ እንዳይያዙ በመስጋት፣ አፍቃሪዎቹ እንዲለያዩ ወይም ለጥፋት እንዲዳረጉ ደራሲዎቹን ይጫኑ ነበር። ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ በ1952 ክሌር ሞርጋን በሚል የብዕር ስም ያሳተመችው «የጨው ዋጋ» ግን የኒው ዮርክ መደብር ሻጭ የሆነችውን ቴሬዝንና በፍቺ ላይ ያለችውን ካሮልን በተስፋ ስለሚያሰናብታቸው፣ ደራሲዋ ከአንባቢዎች ብዙ የምስጋና ደብዳቤ ደርሷታል። ያም ሆኖ ካሮል ልጇን የማሳደግ መብቷን ታጣለች፤ ደስታው በነጻ የተገኘ አይደለም።

እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ የመተዋወቁ አዝጋሚነት ነው። ሁለቱ ስሜታቸውን በግልጽ መናገር ስለማይደፍሩ፣ ረዘም ያለ የዓይን እይታ ወይም ለገና የተላከች አንዲት ካርድ ትልቅ ክስተት ትሆናለች፤ አንባቢም ከቴሬዝ ጋር «ተሳስቼ ይሆን?» እያለ ይጠራጠራል። ብዙ የወንድና የሴት የፍቅር ታሪኮች (የእኛዎቹን ጨምሮ) ይህን ጥርጣሬ በጥቂት ገጾች ይጨርሱታል። ሣራ ዋተርስ ደግሞ በቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ ላይ በጻፈቻቸው ልቦለዶች፣ ያንኑ መደባበቅ ከወንጀልና ከማታለል ሴራ ጋር አጣምራዋለች።

ገምጋሚው በሚቀጥለው ጊዜ ቢያንስ አንዱን ሥራ ከነአተራረኩ ቢተነትንልን እወዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የመጽሔቱ ደንበኛ አንባቢ