አባዬ፣ የቀረጥ ጠብ አልነበረም

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? የላክሁት ማሰሪያ ደርሶ ከሆነ ማታ ማታ ያውልቁት።

ባለፈው እሑድ በስልክ ስናወራ "የአሜሪካኖቹ የእርስ በርስ ጦርነት የቀረጥ ጠብ ነው፤ ባርነቱ ኋላ የተለጠፈ ነው" አሉኝ። እኔም "እሺ አባዬ" ብዬ ዘጋሁት። ተሳፋሪ ጭኜ ነበር። ደግሞስ 30 ዓመት ታሪክ ካስተማረ ሰው ጋር በስልክ መከራከር ማን ይደፍራል? በወረቀት ግን ይደፈራል። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የጻፍኳቸው፤ በቀይ እስክሪብቶ እንዳያርሙኝ።

እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ዱክ ስትሪት የሚባል ጎዳና አለ። በቀን አራት አምስቴ አልፍበታለሁ። ቁጥር 1315 ላይ ያለው ያረጀ የጡብ ቤት የጠበቃ ቢሮ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ ፍራንክሊንና አርምፊልድ የሚባሉ ሸሪኮች ከ1828 ጀምረው ሰው የነገዱበት ቤት ነው። የዚህ አካባቢ የትምባሆ መሬት ደክሞ ነበር። ታች ደቡብ ደግሞ ጥጡ ጉልበት ይፈልጋል። ሸሪኮቹ ሰውን ከዚህ ይገዛሉ፣ ግቢው ውስጥ ያጉራሉ፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ኒው ኦርሊንስ ይጭናሉ። የቀረውን በሰንሰለት አቆራኝተው እስከ ሚሲሲፒ በእግሩ ይነዱታል። አሁን ሙዚየም ሆኗል። ሥራ የቀዘቀዘ ቀን መኪናዬን አቁሜ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ማንበብ አላቆምኩም።

በ1860ው ቆጠራ በባርነት የተያዘው ሰው 4 ሚሊዮን ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ለባለቤቶቹ ይህ ሀብት ነው። በገንዘብ ሲተመን ከአገሪቱ የባቡር ሐዲድና ፋብሪካ ሁሉ ይበልጥ ነበር። ሊንከን በዚያው ዓመት ሲመረጥ ባርነትን ካለበት እነቅላለሁ አላለም። ወደ ምዕራቡ አዲስ መሬት አይስፋፋም ነው ያለው። ይቺው በቃች። የደቡቧ ክፍለ ግዛት ሳውዝ ካሮላይና ዲሴምበር 20 ቀን ከአገሪቱ ወጣሁ አለች። ሌሎች 10 የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ተከተሏት።

ቀረጡንማ አየሁት። በጊዜው የነበረው ቀረጥ ዝቅተኛ ነው። ከፍ ያደረገው የሞሪል ሕግ የጸደቀው ማርች 1861 ነው፤ ያን ጊዜ ሰባቱ ሄደዋል። ደግሞ ለምን እንደወጡ ራሳቸው ጽፈውታል። ሚሲሲፒ "አቋማችን ከባርነት ሥርዓት ጋር ፍጹም የተሳሰረ ነው" ትላለች። የደቡቡ መንግሥት ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቲቨንስ በዚያው ማርች ሳቫና ላይ ተናገረ። የአዲሱ መንግሥታችን የማዕዘን ድንጋይ ጥቁር ከነጭ እኩል አለመሆኑ ነው አለ፤ ያውም በአደባባይ። ከተሸነፉ በኋላ ግን ይኸው ሰውዬ ጉዳዩ የሕገ መንግሥት ክርክር ነበር ብሎ ሁለት ቅጽ ሙሉ ጻፈ። እርስዎ ያስተማሩበት መጽሐፍ ከማን እንደቀዳ እንጃ። ውሃው ግን ከዚያ ምንጭ የወረደ ይመስለኛል።

በአንድ ነገር ልክ ነዎት። ሰሜኑም ባሪያ ነፃ ላውጣ ብሎ አልተነሳም። አገር እንዳይፈርስ ነው የዘመተው። ባርነት ያልከለከሉ አራት ክፍለ ግዛቶችም ከሱ ጋር ቀርተው ነበር። ነገሩን የቀየሩት ባሪያዎቹ ራሳቸው ናቸው። ሜይ 1861 ሦስት ሰዎች በሌሊት በጀልባ ቀዝፈው ፎርት ሞንሮ የሚባለው የሰሜን ምሽግ ገቡ። አንድ የደቡብ መኮንን ነጭ ባንዲራ ይዞ መጣ። የጠፋ ባሪያ ለጌታው ይመለስ የሚለው ሕግ ይከበርልን አለ። የምሽጉ አዛዥ ጄኔራል በትለር ደግሞ የለየለት ጠበቃ ነው። ሌላ አገር ነን ካላችሁ የእኛ ሕግ ምን ይሠራላችኋል? የመድፍ ምሽግ ስታሠሯቸው ነበርና የጦር ንብረት ናቸው፣ ወርሻለሁ አለው። ይህችን ሙግት አያቴ ቢሰሟት ጭናቸውን ይመቱ ነበር። ወሬው ሲዳረስ ሰው ከየእርሻው እየጠፋ በሺህ ጎረፈ። ጃንዋሪ 1፣ 1863 የነፃነት አዋጁ ታወጀ። ጦርነቱ እስኪያልቅ ወደ 180 ሺህ ጥቁር ለሰሜን ጦር ተሰለፈ።

ውጊያውን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። የጌቲስበርግን ውጊያ ሰሌዳ ላይ ሲስሉ ትዝ ይለኛል። እኔን የገረመኝ መጀመሪያው ነው። ጁላይ 1861 ማናሳስ ላይ ሲገጥሙ የዋሽንግተን ሹማምንትና ወይዛዝርት ምሳቸውን በቅርጫት ይዘው፣ በሠረገላ፣ ሊያዩ ወጡ! ማታ ከሚሸሸው ወታደር ጋር እየተጋፉ ተመለሱ። ቶሎ ያልቃል የተባለው አራት ዓመት ፈጀ። ከ600 ሺህ በላይ ወታደር ሞተ፤ አብዛኛውን የጨረሰው ጥይት ሳይሆን ተቅማጥና ተስቦ ነው። ደቡብን ባሕሩን ዘጉባት፣ የሚሲሲፒን ወንዝ ቆረጡባት። የሰሜኑ ጄኔራል ሸርማን ጆርጂያን እያቃጠለ አቋረጠ። ሌላው የሰሜን ጄኔራል ግራንት ደግሞ የደቡቡን ጄኔራል ሊን ፒተርስበርግ ላይ ከዘጠኝ ወር በላይ አንቆ ያዘው። ኤፕሪል 1865 ሊ እጁን ሰጠ።

ጨዋታን ጨዋታ ያነሳዋል። ጉራዕ ላይ አጼ ዮሐንስን ሊወጋ ከመጣው የግብፅ ጦር ውስጥ ባለ አንድ እጅ አሜሪካዊ ጄኔራል ነበር፤ ሎሪንግ ይባላል። ለደቡብ ተዋግቶ ተሸነፈ። ከዚያ የግብፁ ገዢ ኬዲቭ እስማኤል ቀጠረው። በ1876 እኛ ደገምነው። ይህን ክፍል ውስጥ ነግረውን ቢሆን ማን ይረሳው ነበር?

አሌክሳንድሪያን የሰሜን ጦር ገና በ1861 ያዛት። ከዚያ ከተማዋ ሆስፒታል በሆስፒታል ሆነች። የጥቁሮቹ ሉቨርቱር ይባል ነበር። ዲሴምበር 1864 እዚያ የተኙ ከ400 በላይ ወታደሮች ፈርመው አቤት አሉ። ጓዶቻቸው ሲሞቱ የሚቀበሩት ከወታደሮቹ መቃብር ሳይሆን ከባርነት ሸሽቶ ከመጣው ሲቪል ጋር ነበር። እኛም ወታደር ነን፣ ከወታደር ጋር እንቀበር ነው ያሉት። አባዬ፣ አንሶላ ወይም ሥጋ ጎደለን አላሉም። የሚቀበሩበትን ነው የጠየቁ። ተፈቀደላቸው፤ ቀድሞ የተቀበሩትም ተነስተው ተዛወሩ።

የሲቪሎቹ መቃብር ግን ተረሳ። 1,800 ያህል ሰው ባረፈበት ቦታ ላይ በ1955 ነዳጅ ማደያ ተሠራ። መታሰቢያ የቆመው በ2014 ነው። ይህን ለአንድ የቆየ ታክሲ ነጂ ወዳጄ ነገርኩት። "እዚያ ስንቴ ነዳጅ ቀድቻለሁ" አለና ቡናውን ሳይጨርስ አስቀመጠው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አያቴ ቤት፣ ከጓሮ ባለችው ጎጆ የነበሩት አሮጊት ትዝ ይሉዎታል? በዚያ ቤት ለሸመገለ ሰው ሁሉ "እርስዎ" ነበር የምንል። ለእሳቸው ብቻ፣ እኛ ሕፃናቱ እንኳ "አንቺ" ነበር የምንላቸው። ማናት ብዬ ስጠይቅዎት "ቤተሰብ ናት" አሉኝ። ባርነት በእኛ አገር በአዋጅ የቀረው በ1934 ነው፤ ይሄ በእኛው አቆጣጠር ነው። እርስዎ ያኔ አልተወለዱም። አያቴ ግን ጎልማሳ ነበሩ።

የሴትየዋ ስም ማን ነበር? አያቴ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ፣ ከጽዱ ሥር ነው ያረፉት። እሳቸውስ የት ተቀበሩ? በስልክ አይንገሩኝ፤ በእጅዎ ይጻፉልኝ።

ናፋቂ ልጅዎ