የተራራው ጠባቂዎች ደመወዝ የቢሮ ወጪ አይደለም፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የቢሮው ኃላፊ፦

ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ ሌላ በር ስላጣሁ ነው። ደብዳቤ አስገብተናል። መዝገብ ቤቱ ተቀብሎ ማህተም መትቶልናል፤ ከዚያ ወዲያ ድምፅ የለም። ቀጠሮ ስንጠይቅ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እንባላለን። ባለሙያዎችዎ ደግሞ «እውነታችሁን ነው፣ ግን ከላይ ካልተፈቀደ ምን እናድርግ?» ይሉናል። ከላይ ያሉት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ በቀጥታ ለእርስዎ እናገራለሁ፣ ሌላውም ሰው ይስማ።

እኛ ትንሽ አገር በቀል የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ነን። የተራቆተ ተራራ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ እንዲሆን ከአካባቢው ሰው ጋር እንስማማለን። እርከን እንሠራለን፣ ቦረቦሩን በክትር እናስራለን፣ አገር በቀል ችግኝ እናፈላለን፣ የተተከለውንም እንንከባከባለን። መኪናም ትልቅ ቢሮም የለንም። ያለን ተራራው፣ ችግኝ ጣቢያውና ሰዎቹ ናቸው።

ጉዳዩ አንድ ነው። ባቀረብነው የፕሮጀክት በጀት ውስጥ የተራራው ጠባቂዎች ደመወዝና የኩትኳቶ ክፍያ ነበረበት። ቢሮዎ ሁለቱንም ከፕሮጀክት ሥራ አውጥቶ «አስተዳደራዊ ወጪ» ውስጥ ከተታቸው። በዚህ የተነሳ አስተዳደራዊ ወጪያችን ከ20 በመቶ በለጠ ተባለና ከቢሮዎ ጋር የምንፈርመው የፕሮጀክት ስምምነት ሳይፈረም ቀረ። ስምምነቱ ካልተፈረመ ለጋሹ ገንዘብ አይለቅም። ገንዘብ ካልተለቀቀ ደግሞ ጠባቂ አይከፈለውም። አንድ መስመር ከአንድ ሠንጠረዥ ወደ ሌላው ተዛወረ፣ ተራራው ያለ ጠባቂ ቀረ።

ሕጉን ከእኔ በተሻለ እንደሚያውቁት እገምታለሁ፣ ግን ለሚያነበው ሰው ስል ልበለው። በ2011 የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ይሁን፣ በዚህ ጠብ የለንም። ግን አዋጁ እዚያ ላይ አላቆመም፤ የአስተዳደር ወጪ ምን እንደሆነም ይናገራል። ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘ፣ ድርጅቱ እንደ ድርጅት እንዲቀጥል የሚያስፈልግ ወጪ ነው። የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ መብራትና ውሃ፣ ኢንተርኔት፣ የባንክ አገልግሎት ክፍያ፣ እንዲህ ያለው ነው። ቀኑን ሙሉ ተራራ ላይ ቆሞ ከብት የሚመልስ ሰው ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የቱ ጋ ነው ያለው? እሱ እኮ ራሱ ፕሮጀክቱ ነው። በ2001 በወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ዘመን ሥልጠናና ትራንስፖርት ሳይቀር አስተዳደር እየተባለ ስንት ድርጅት እግር ከወርች ታስሮ እንደነበር እናስታውሳለን። ያ አዋጅ ተሽሯል። ቢሮዎ ውስጥ ግን አሁንም ሥራ ላይ ያለ ይመስላል።

ጠባቂ ምን እንደሚሠራ ወርደው አይተው ያውቃሉ? በሩን ብቻ የሚጠብቅ ሰው አይደለም። ጠዋት ዙሪያውን ይዞራል፣ የፈረሰ እርከን ካየ ድንጋዩን ይመልሳል። ጎርፍ ክትሩን በጎን ከፍቶት ከሆነ ሰው ጠርቶ ያስደፍናል፣ ምክንያቱም ያች ትንሽ ቀዳዳ ለአንድ ክረምት ከተተወች ክትሩን ይዛው ትሄዳለች። የበጋ እሳት መጀመሪያ የሚያየው እሱ ነው። ሣሩ ሲደርስ በውስጠ ደንቡ መሠረት ማን በየትኛው ቀን ገብቶ እንደሚያጭድ የሚያስተባብረውም እሱ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ከብቱን ወደ ተራራው መልቀቅ ያቆመው ሣሩን አጭዶ የመውሰድ ድርሻ ስላገኘ ነው። ከብት የሌላቸው ሴቶች ድርሻቸውን ሸጠው ለልጅ ደብተር ይገዙበት ነበር። ከአካባቢው ሰው ጋር ያለን ስምምነት የቆመው በዚህ ላይ ነው፣ እሱን የሚያስከብረው ደግሞ ጠባቂው ነው።

ደመወዝ ሲቋረጥ ጠባቂዎቹ ወዲያው አልሄዱም። በነፃ ቆዩ። ከእነሱ አንዱ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ከብቱን ልመልስ ስሄድ ‹ማን ቀጥሮህ ነው?› ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስላቸው?» እኔም የምመልስላቸው አልነበረኝም። በኋላ የቀን ሥራ ፍለጋ ሄዱ። ቤተሰብ አላቸው፣ ማን ይፈርድባቸዋል?

ከዚያ በጋው ገባ፣ ሣር ጠፋ፣ ከብቱም ገባ። ሄጄ አይቻለሁ። የወይራ ችግኞቹ ጫፋቸው ተቀንጥሷል፣ የአንዳንዶቹ ልጥ እስከ ግንዳቸው ተገሽልጧል። ውሃ እንዲይዝ የተቆፈረው ጉድጓድ ጠርዙ በኮቴ ተረግጦ ፈርሷል። የጥድ ችግኙም ከመረገጥ አልተረፈም። ወይራ ማፍላት ምን ማለት እንደሆነ ችግኝ ጣቢያ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ፍሬው ጠንካራ ቅርፊት አለው፣ ካልተሰነጠቀ ቶሎ አይበቅልም፣ ከበቀለም በኋላ እንደ ባሕር ዛፍ አይሮጥም። እነዚያን ችግኞች ሴቶቻችን በጋውን በሙሉ በጀርባቸው ውሃ እየተሸከሙ ያሳደጓቸው ናቸው። አንድ ሳምንት አልፈጀበትም፣ ተበላ።

በጣም ያናደደኝን ልንገርዎት። ከቢሮዎ አንድ ኃላፊ፣ ነገሩን ሲያቀልልን መስሎት፣ «ጠባቂዎቹን በጎ ፈቃደኛ በሏቸውና በጀቱን አስተካክላችሁ አምጡ» አለን። ማለትም አይከፈላቸው። በፀሐይና በዝናብ የሚውል ድሃ ገበሬ በነፃ ይሥራ፣ የእኛ ወረቀት እንዲያምርልን። ይህን አናደርገውም። እርስዎ ያለ ደመወዝ ቢሮ ይገባሉ? እኔም አልገባም። ታዲያ ከጠባቂዎቹ ለምን እንጠብቃለን?

በተከላ ቀን ግን ሁላችሁም ትመጣላችሁ። ባነር ይሰቀላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በሪፖርቱ ላይ የተተከለው ቁጥር ይሞላል። መትከሉን አልነቅፍም፣ እኔም ከሚተክሉት አንዱ ነኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል ደስ ብሎኛል። ግን የእናንተ ቅጽ ላይ ከዓመት በኋላ ስንቱ በሕይወት እንዳለ የሚጠይቅ ቦታ የለም። ስለሌለም የሚንከባከብ ሰው ዋጋ የለውም፣ ደመወዙም ትርፍ ወጪ ይመስላል።

ሁምቦን ያውቁታል። በወላይታ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ያገገመው በዋናነት በችግኝ ብዛት አይደለም። ሥሩ ከመሬት ውስጥ በሕይወት የነበረው ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ ተደረገ፣ ቡቃያው ተመርጦ ተገረዘ፣ ከብትና መጥረቢያ እንዳይገባ ተጠበቀ፣ የአካባቢው ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ባለቤት ሆኑ። ከዚያም አልፎ ዛፎቹ ከአየር የሚይዙትን ካርቦን በመሸጥ ገንዘብ አገኙ። በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ሰዎችም ተራራቸውን ከልክለው፣ ውሃውን በየእርከኑና በየክትሩ ይዘው፣ የደረቀ ጉድጓዳቸውን መልሰዋል፤ በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠው የኢኳቶር ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በሁለቱም ቦታ ዋናው ሥራ ጥበቃ ነበር። እናንተ ከበጀታችን የሰረዛችሁት እሱን ነው።

ስለ ጊዜውም አንድ ነገር ልጨምር። እኛ የምንሠራው በበጀት ዓመት አይደለም፣ በዝናብ ነው። ችግኝ ለሐምሌ እንዲደርስ መደቡ በኅዳርና በታኅሣሥ መዘጋጀት አለበት፣ ቀስ ብሎ ለሚያድገው አገር በቀል ዛፍ ደግሞ ከዚያም በፊት። ፋይላችን ጠረጴዛ ላይ በተኛ ቁጥር የሚያልፈን ወር ሳይሆን ሙሉ ዓመት ነው። ለጋሾች ለትንሽ ድርጅት የሚሰጡት ገንዘብ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። አንዱን ዓመት በፊርማ ጥበቃ ከጨረስነው ገንዘቡ ይመለሳል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስንጠይቅም «ባለፈው አልተጠቀማችሁበትም» እንባላለን። ትልልቆቹ ድርጅቶች ይህን ይችሉታል፣ ሌላ ፕሮጀክት አላቸው። እኛ የለንም። እንዘጋለን።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የጠባቂዎቹ ደመወዝና ኩትኳቶው ወደ ፕሮጀክት ወጪ ይመለሱ፣ ስምምነቱ ይፈረም። በሪፖርት ቅጻችሁ ላይ በሕይወት ያለው ችግኝ ቁጥር ይግባበት። መልሱ «አይቻልም» ከሆነም አይቻልም ይበሉን፣ ነገር ግን በጽሑፍ ይሁን፣ ጠባቂን አስተዳደር የሚያደርገውን የአዋጁን አንቀጽ ጠቅሰው፣ ፊርማዎን አኑረውበት። አቤት የምንልበት ሌላ ቦታ አለ፣ እዚያ ይዘነው እንሄዳለን። መደቡ የሚዘጋጅበት ወር ከማለፉ በፊት ይድረሰን።