ሽማግሌዎቹ በኮንትራት አይቅሩ

ውድ አዘጋጅ፣

በካናዳ ፌዴራል እስር ቤቶች ካሉ ታራሚዎች ሲሶ ያህሉ የነባር ሕዝቦች ተወላጆች ናቸው። ከአገሪቱ ሕዝብ ግን 5 በመቶ ገደማ ናቸው። በጣም ያሳፍራል!

በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የማረሚያ ሕግ መንፈሳዊ መሪዎቻቸው የሆኑትን ሽማግሌዎች ከሌሎች የሃይማኖት አባቶች እኩል ያያል። ሽማግሌው ቅጠል አጭሶ ሲጸልይ፣ ታራሚው ጭሱን በእጁ ወደ ፊቱ ይስባል። ዕጣን ለምናጨስ ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። በጋለ ድንጋይ እንፋሎት እያላቡ የሚጸልዩበት የላብ ጎጆ ሥርዓት ግን ብዙ ዝግጅት ይፈልጋል። ድንጋዩ እስኪግል እሳቱ ለሰዓታት ይነዳል። እንጨቱም፣ ፈቃዱም፣ ጥበቃውም ቀድሞ መሟላት አለበት። በእስር ቤቱ ሥርዓቱን የሚያሰናዳው አስተባባሪ የሚለፋው ለዚህ ነው።

ሽማግሌዎቹ ደግሞ የሚሠሩት በኮንትራት ነው። ቋሚ ቅጥርና ጡረታ ይገባቸዋል። መንግሥት በዚህ ዓመት በጀት ይያዝላቸው።

አንባቢያችሁ፣ ከኤድመንተን