መሪ ሆነሽ ለተመረጥሽው ልጄ

ልጄ፣ ሰላምሽ ይብዛ።

የግቢው የክርስቲያን ተማሪዎች ፌሎሺፕ መሪ ሆነሽ መመረጥሽን ለአባትሽ ስነግረው እዚያው በቆመበት ጌታን አመሰገነ። እኔም በጣም ደስ ብሎኛል። ግን «እማ፣ ስለ መሪነት ምን ላንብብ?» ስትይኝ፣ መልሱ በስልክ የሚያልቅ አልመሰለኝምና ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

ሌላውን ቆይተሽ ታነቢያለሽ። መጀመሪያ ማቴዎስ 8 ላይ ያለውን መቶ አለቃ ተመልከቺ። ብላቴናው ታሞበት ጌታ ዘንድ መጣ። ጌታ መጥቼ እፈውሰዋለሁ ሲለው፣ ቃል ብቻ ተናገር አለ። እሱ ራሱ ከበላዮቹ በታች ሆኖ የሚታዘዝ ሰው ነው። ወታደሮቹን «ሂድ» ሲላቸው የሚሄዱትም ለዚያ ነው። ትእዛዝ ምን እንደሆነ የገባው ታዞ ስለሚያውቅ ነው። ጌታም በእስራኤል እንኳ እንዲህ ያለ እምነት አላገኘሁም አለ። እኔ ስለ ክርስቲያን መሪ ሳስብ ሁልጊዜ ከዚህ ሰው እጀምራለሁ።

ከዚያ ዘኍልቍ 20ን ክፈቺ። ሕዝቡ ውኃ አጥቶ ሙሴን ይጣላዋል። አንቺ ቱሉ ዲምቱ ያደግሽ ልጅ ነሽ፤ ቧንቧው ሲጠፋ ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ምን እንደሚባል ታውቂዋለሽ። እግዚአብሔር ሙሴን ለዓለቱ ተናገር አለው። ሙሴ ግን ተቆጥቶ ነበርና በበትሩ ሁለት ጊዜ መታው። ውኃው ወጣ፤ ያውም በብዛት። ሰውም ከብቱም ጠጣ። ያን ቀን ሪፖርት የሚጽፍ ቢኖር «ተሳክቷል» ብሎ ነበር የሚጽፈው። እግዚአብሔር ግን ሙሴንና አሮንን «በእኔ አላመናችሁምና» ይህን ጉባኤ ወደ ምድሪቱ አታገቡም አላቸው። ጉዳዩ የበትር ብቻ አልነበረም። ሰው እግዚአብሔርን ማመን ሲያቅተው የታዘዘውን በራሱ መንገድ ማድረግ ይጀምራል። አንቺም ጋ ይህ ይመጣል። አዳራሹ ሞልቶ፣ ዝማሬው ደምቆ፣ ሰው አልቅሶ ሊሄድ ይችላል። ያ ብቻውን እግዚአብሔር ያለሽን ማድረግሽን አያሳይም።

ንጉሥ ሳኦልን ከሰንበት ትምህርት ጀምሮ ታውቂዋለሽ። ነቢዩ ሳሙኤል የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ለምን እንዳልፈጸመ ሲጠይቀው በመጨረሻ «ሕዝቡን ስለ ፈራሁ» አለ። ብዙ መሪ የሚወድቀው እዚህ ነው ባይ ነኝ። ክፉ ሆኖ ሳይሆን፣ ሰው እንዳይከፋበት ብሎ።

የእኛን ቤተ ክርስቲያን ነገርም ልንገርሽ፤ ያኔ ትንሽ ነበርሽ። ቦታ ስንፈልግ አንድ ደላላ መጥቶ «ትንሽ ነገር እጅ ላይ ጣል ካደረጋችሁ ወረቀቱ ይወጣል» አለ። ሽማግሌዎቹ ጸልየው እምቢ አሉ። ብዙ ሰው አጉረመረመ፤ ጥሎን የሄደም ነበር። ከዚያ እግዚአብሔር ወዲያው ቦታ ሰጠን ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ይለኝ ነበር። አልሆነም። ዛሬም ኪራይ ላይ ነን። ክረምት ሲመጣ ቆርቆሮው ላይ በሚወርደው ዝናብ ስብከቱ አይሰማም። ግን እነዚያ ሽማግሌዎች ስለ ገንዘብ ሲናገሩ ሰው ዝም ብሎ ይሰማቸዋል። ትዳሩ የተናጋ ሰው በሌሊት የሚያንኳኳው የእነሱን በር ነው።

ቄስ ጉዲና ቱምሳንም አስቢ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ደርግ አሰራቸው። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ ቢያመቻቹላቸውም፣ መንጋዬን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ተወስደው ተገደሉ። ያን የመሰለ ነገር አንቺ ላይ እንዲደርስ አልመኝም፤ እናት ነኝ። ግን ሰው እዚያ ድረስ የሚታዘዘው ያዘዘውን ቢያምነው ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂልኝ። ለእግዚአብሔር መታዘዝ «ጌታ ተናገረኝ» ላለ ሁሉ መታዘዝ አይደለም። በዚህ ዘመን በዚህች ቃል ስንቱ ልጅ ትምህርቱን አቋርጧል፣ ስንቱ ገንዘቡን ሰጥቷል። ጴጥሮስና ሐዋርያት ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር እንታዘዛለን ያሉት ለሃይማኖት አለቆች ነው። አንቺም ብትሆኚ ጥያቄ የጠየቀሽን ልጅ «ዓመፀኛ» ብለሽ ዝም አታሰኚው። ትክክል ሊሆን ይችላል። ቃሉን ከፍታችሁ አብራችሁ እዩ።

የኮንፈረንሱን መዋጮ ደግሞ በስምሽ ባለው የባንክ ሂሳብ አታስገቢ፤ ለአንድ ሳምንትም ቢሆን። ሁለት ሰው ይፈርምበት፣ ወጪውም ለሁሉም ይነበብ።

አብረውሽ የተመረጡትን ልጆች ስም ላኪልኝ። ሐሙስ የእናቶች ጸሎት አለን፤ በየስማችሁ እንጸልይላችኋለን። ለፋሲካ ስትመጪ ከቃሊቲ ሳይመሽ ተሳፈሪ፤ አባትሽ ፌርማታው ላይ ይጠብቅሻል።

እናትሽ