ልጆቻችን ሒሳዊ ድርሰት ሲጽፉ፦ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ስለ ሥነ ጽሑፍ ሥራዎች የሚጻፍ ሒሳዊ ድርሰትን ይመለከታል

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

በዚህ መንፈቀ ዓመት ተማሪዎቻችን በክፍል ካነበቧቸው ልብ ወለዶች፣ ግጥሞችና ተውኔቶች አንዱን መርጠው ሒሳዊ ድርሰት፣ ማለትም ስለ ሥራው ያሰቡትን በማስረጃ የሚያስረዱበት ጽሑፍ፣ ይጽፋሉ። ብዙዎቻችሁ ልጆቻችሁን ለማገዝ እንደምትፈልጉ፣ ነገር ግን ከየት እንደምትጀምሩ ግራ እንደገባችሁ ለመምህራን ነግራችኋል። መጽሐፉን ያላነበበ፣ ሥነ ጽሑፍንም በትምህርት ቤት ያልተማረ ወላጅ ጭምር ብዙ ሊረዳ ይችላል።

መምህራን ድርሰቶችን ሲያርሙ ከሁሉ በላይ የሚያሳስባቸው የፊደል ወይም የሰዋስው ግድፈት አይደለም። ተማሪው ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መልሶ ይተርክና በማሳረጊያው አንቀጽ «ከዚህ መጽሐፍ የምንማረው» ብሎ አንድ ምክር ጽፎ ይጨርሳል። መምህሩ መጽሐፉን አንብቦታል፤ ታሪኩን የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። ሊያውቅ የሚፈልገው ተማሪው ስለ መጽሐፉ ምን እንዳሰበና እንዲያ እንዲያስብ ያደረገው ምን እንደሆነ ነው። ምክር ማውጣት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ይሁንና ትዕቢት እንደሚያዋርድ ለማወቅ ወፍራም ልብ ወለድ ማንበብ አያስፈልግም፤ ልብ ወለዱ ይህን አሳብ እንዴት አድርጎ ሕይወት እንደዘራበት ማየት ግን ብርቱ ንባብ ይጠይቃል።

ልዩነቱን በምሳሌ ላሳይ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አንዲት ተማሪ «ጉዱ ካሳ ሰዎች እንደ እብድ የሚያዩት ገጸ ባሕርይ ነው» ብላ ብትጽፍ መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ የሚያውቀውን ነገረችን። የሚቃወማት የለም፤ ስለዚህ የምታስረዳውም የላትም። «ደራሲው የዘመኑን ሥርዓት የሚነቅፈውን ንግግር በጉዱ ካሳ አፍ ያስቀመጡት፣ እብድ የተባለ ሰው ሌላው የማይደፍረውን ሊናገር ስለሚችል ነው» ብላ ብትጽፍ ግን ራሷን ለሙግት አቀረበች። ሌላ አንባቢ ተነሥቶ «እንዲያውም እብድ መባሉ ነው ንግግሩን ከንቱ ያደረገበት፤ የሚሰማው ጠፍቷልና» ሊላት ይችላል። አሁን ሁለቱም ወደ መጽሐፉ መመለስ አለባቸው፦ ጉዱ ካሳ የሚናገረው ለማን ነው? ሰሚዎቹ ምን ይመልሱለታል? ከንግግሩ በኋላ የሚለወጥ ነገር አለ? ሒሳዊ ድርሰት የሚወለደው ከእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ነው። ተማሪዋ ከሁለቱ የትኛውን ብትይዝ ለእኛ ግድ የለንም፤ የያዘችውን በማስረጃ እስካጸናች ድረስ ሙሉ ውጤት ታገኛለች።

ማስረጃ ስንል ጥቅስ መለጠፍ ማለታችን አይደለም። ብዙ ተማሪዎች ረጅም ጥቅስ ያስቀምጡና «ይህም የሚያሳየው የተናገርኩትን ነው» ብለው ያልፋሉ። ጥቅስ ራሱን አያስረዳም። አጭር ቢሆን፣ ከሥሩም ተማሪው ቃላቱን አንድ በአንድ እየጠቆመ ቢያብራራው ይሻላል፦ ደራሲው ለምን ይህን ቃል መረጠ፤ በተመሳሳዩ ቢተካ ምን ይጎድላል፤ ታሪኩን የሚነግረን ማን ነው፤ ተራኪው የማያውቀው ወይም የሚሸሽገው ነገር አለ ወይ? ግጥም ከሆነ ደግሞ ስንኙ ለምን እዚህ ላይ እንዳበቃ፣ ቤት የሚመቱት ቃላት በትርጉም ይቀራረቡ ወይም ይጋጩ እንደሆነ መመርመር ይቻላል።

ከወላጆች የምንጠብቀው እገዛ እዚህ ላይ ነው። ልጃችሁ ስለ መጽሐፉ አንድ ነገር ሲነግራችሁ «ይህን ከየት አወቅህ?» ብላችሁ ጠይቁት። «እንዲሁ መሰለኝ» ካለ መጽሐፉን አምጥቶ ቦታውን እንዲያሳያችሁ አድርጉ። ቀጥላችሁም «በዚህ የማይስማማ ሰው ምን ይላል?» በሉት። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በትዕግሥት የሚጠይቅ አዋቂ ያለው ልጅ ድርሰቱን ግማሽ ያህል እንደጻፈ እቆጥረዋለሁ። ልጁ ከእናንተ የተለየ አስተያየት ቢይዝ ደስ ይበላችሁ። በቤቱ በምክንያት መሟገት የተፈቀደለት ልጅ በወረቀት ላይም አይፈራም።

ምንባቡን ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ መጠየቅም ትልቅ ጥቅም አለው። እንግሊዛዊው ሐያሲ አይ. ኤ. ሪቻርድስ በካምብሪጅ ለሚያስተምራቸው ተማሪዎች የባለቅኔዎቹን ስም ሳይነግራቸው ግጥሞችን ሰጥቶ አስተያየታቸውን እንዲጽፉ አድርጎ ነበር። ውጤቱን በ1929 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳተመ። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ የግጥሙን ግልጽ መልእክት ስተው ነበር፤ አንዳንዶቹም ግጥሙ ከሚለው ይልቅ አስቀድሞ በልባቸው የነበረውን ስሜት ወይም የግል ትዝታቸውን ጻፉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንዲህ ከሳቱ የእኛ ልጆች ቢስቱ አይደንቅም። መድኃኒቱ ዝግ ብሎ ማንበብ፣ ደግሞ ማንበብ፣ አስተያየት ከመስጠት በፊት «እዚህ ላይ የተጻፈው በትክክል ምንድን ነው?» ማለት ነው።

እባካችሁ ዓረፍተ ነገሮቹን እናንተ አታቃኑላቸው፤ አሳቡንም አትስጧቸው። የመጀመሪያው ረቂቅ የተዝረከረከ መሆኑ ጤናማ ነው። ብዙ ጊዜ ተማሪው ምን ማለት እንደፈለገ የሚገባው ጽፎ ሲጨርስ ነው፤ መግቢያውን መጨረሻ ላይ እንደገና እንዲጽፍ የምንመክረውም ለዚህ ነው። በረቂቁና በማሻሻያው መካከል ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር።

በኢንተርኔት ስለሚገኙ የመጻሕፍት ማጠቃለያዎችና ድርሰት ስለሚጽፉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች በግልጽ መናገር አለብኝ። ፈተናው ከባድ እንደሆነ እንረዳለን፤ አመሻሹ ላይ ባዶ ወረቀት የታቀፈ ልጅ አቋራጭ ቢፈልግ አንፈርድበትም። ነገር ግን በማሽን የተጻፈ ድርሰት ልጁን ከማሰብ ያሳርፈዋል፤ እኛ ደግሞ የቤት ሥራውን የሰጠነው እንዲያስብ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ ከመጨረሻው ድርሰት ጋር በንባብ ጊዜ የያዘውን ማስታወሻና የመጀመሪያ ረቂቁን ያቀርባል፤ ከመምህሩም ጋር ቁጭ ብሎ ስለ ጽሑፉ በቃል ይጠየቃል። ይህን የምናደርገው ልጆቹን በጥርጣሬ ለማየት አይደለም። የጻፉትን በአንደበታቸው ሲከላከሉ አሳቡ የራሳቸው መሆኑን እነርሱም ያውቁታል፤ ዓይን አፋር የነበሩ ተማሪዎች በዚህ ንግግር ወቅት ሲነቃቁ ማየት ለመምህራኖቻችን ትልቅ ደስታ ነው።

የረቂቅና የመጨረሻ ጽሑፍ ማስረከቢያ ቀናትን የክፍል ኃላፊ መምህራን በተማሪዎቹ ደብተር ላይ ያሳውቋችኋል። መጽሐፉን በቤት ማግኘት ያልቻለ ተማሪ ከቤተ መጻሕፍታችን መዋስ ይችላል። ልጁ ርእስ መምረጥ ካቃተው ወይም ንባቡ ከከበደው ረቂቁ እስኪደርስ ሳትጠብቁ የቋንቋ መምህሩን አነጋግሩ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር