አከፋፋዩ ዘንድ የሚሄድ ኦዲተር ቅጠሩልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

መርካቶ ውስጥ የትንንሽ ሱቆችን የሂሳብ መዝገብ በመያዝ የምተዳደር ሴት ነኝ። ስለ ግብር የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ወይ ነጋዴውን የሚከስ ነው ወይ መንግሥትን። እኔ ክረምት በገባ ቁጥር ጠረጴዛዬ ላይ የማየውን ልናገር።

ከደንበኞቼ አንዷ የልጆች ልብስ ቸርቻሪ ናት። ለሸጠችው ሁሉ ደረሰኝ ትቆርጣለች። የገዛችበትን ግን ማስረዳት አትችልም፤ አከፋፋዩ ወይ ደረሰኝ አይሰጣትም፣ ወይ ከከፈለችው በታች ጽፎ ይሰጣታል። ብትከራከር «ካልፈለግሽ ተዪው፣ ገዢ ሞልቷል» ነው መልሱ። በ1,000 ብር ገዝታ በ1,200 የሸጠችው ቀሚስ፣ በእጇ ያለው ደረሰኝ የ500 ብር ከሆነ 700 ብር አተረፈች ተብሎ ይያዝባታል። ኪራይና መብራቱን ሳንቆጥር ያገኘችው 200 ብር ነው። የቀረውን 500 ብር የሰወረው አከፋፋዩ ሆኖ ሳለ ግብሩ የሚጠየቀው ከእርሷ ነው።

ይህን ይዘን ወደ አንድ የግብር መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ ሄድን፤ ስሙ ይቆየኝ። ያነጋገረን ኦዲተር ቅን ልጅ ነው። በሲባጎ የታሰሩ ፋይሎች ከወንበሩ ጀርባ እስከ መስኮቱ ድረስ ተቆልለዋል። የአከፋፋዩን መጋዘን ከመዝገቡ ጋር እንዲያመሳክር ብንጠይቀው መኪናም፣ አብሮት የሚወጣ ሰውም እንደሌለው ነገረን። አመንኩት። እንደ እርሱ ያሉት ጥቂት ዓመት ሠርተው ልምድ ሲያገኙ የተሻለ ደመወዝ ወደሚከፍላቸው የግል ድርጅት ይሄዳሉ፤ ማን ይፈርድባቸዋል?

ሰው የሌለው መሥሪያ ቤት ቅርብ ያገኘውን ይይዛል። በ2009 ዓ.ም. ትንንሽ ነጋዴዎች በቀን ስንት እንደሚሸጡ የተገመተበት «የቀን ገቢ ግምት» ያን ሁሉ ቁጣ ያስነሳው በዓይን ግምት ስለተሠራ ነው። በኅዳር 2017 የደረሰኝ ቁጥጥሩ ሲጠብቅም መርካቶ ላይ ብዙ ሱቆች ተዘግተው ነበር። ደመወዝተኛውማ ከሁሉም የቀረበ ነው፤ ግብሩ ገንዘቡ እጁ ሳይገባ ይቆረጣል። ኑሮ እንዲያ እየናረ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ2008 እስከ 2017 ዓ.ም. ከ600 ብር ፈቀቅ አላለም ነበር። አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ወደ 2,000 ብር ከፍ ማድረጉ መልካም ነው፣ ግን ዘግይቷል።

«ቅር ያለው ይግባኝ ይበል» ይባላል። የታክስ አስተዳደር አዋጁ፣ ቁጥር 983/2008፣ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን አቤት የሚል ሰው ከሚከራከርበት ግብር 50 በመቶውን አስቀድሞ እንዲከፍል ያዛል። ይህን አስመጪው ይችለዋል። የእኔ ደንበኛ ግን ሸቀጧን ካልሸጠች ከየት ታመጣለች? እርሷ አልተከራከረችም፤ ተበድራ ከፈለች።

ግብር መሰብሰቢያው ላይ ገንዘብ ማውጣት ብክነት የሚመስላቸው አሉ። እኔ ጨምሩ ነው የምለው፤ ግን ለግብር ከፋይ ሽልማትና ለመፈክር አይሁን። በጅምላ ንግዱና በአስመጪው መዝገብ ላይ የሚቀመጡ ኦዲተሮች ይቀጠሩበት፤ ሥራቸውን ትተው እንዳይሄዱ የሚያኖራቸው ደመወዝ ይከፈላቸው፤ የቅሬታ ሰሚዎች ቁጥርም ይጨመር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላትም በሰኔ በጀት ሲያጸድቁ «ስንት ቢሊዮን ተሰበሰበ?» ብለው አይብቃቸው። ከአስመጪዎችና ከአከፋፋዮች የስንቱ መዝገብ እንደተመረመረ፣ የስንት ትንንሽ ነጋዴዎች ቅሬታ በስንት ቀን መልስ እንዳገኘ ይጠይቁልን፤ መልሱንም እናንተ በጋዜጣችሁ አትሙልን።

የሂሳብ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ